የካርቶን እራት በዘይነባ ድስት

ባለፈው ሳምንት ሳሙና ልገዛ ላፍቶ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ፣ ከፓስታው መደርደሪያ ጥግ ያቺን ካርቶን አየኋት። ቀለሟ ትንሽ ተለውጧል፣ ጽሑፏም ደምቋል፤ ፎቶው ግን ያው ነው፤ በነጭ ሳህን ላይ የተከመረ መኮረኒ፣ ከመሃሉ ብቅ ብቅ የሚል የተፈጨ ሥጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየትኛዋም ላም ወተት ሊወጣ የማይችል ብርቱካንማ አይብ። ሳሙናውን ረስቼ ካርቶኗን ይዤ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ውስጧ ያለችውን የዱቄት ከረጢት በመቀስ ስከፍታት፣ ያ ጨው ጨውና የቆየ አጓት አጓት የሚል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ወዲያው ከኮንዶሚኒየሙ ኩሽና ወጥቼ መካኒሳ አቦ፣ የድሮው ቤታችን ማድ ቤት ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። መካኒሳ ከከተማው ይልቅ ለገጠሩ የምትቀርብ ይመስለን ነበር፤ ክረምት ሲገባ ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን ያለው መንገድ የሰው ጫማ የሚውጥ ጭቃ ይሆንና፣ የአቦ ንግሥ ለመሄድ የሚወጣ ሰው ነጠላውን በአንድ እጁ፣ ጫማውን በሌላው ይዞ ነበር የሚራመደው። ከእኛና ከእትዬ ዘይነባ ግቢ መካከል የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ አጥር መባሉ ግን ለወጉ ያህል ነው። እማዬና እትዬ ዘይነባ አንዱን ቆርቆሮ ነቅለው ጥለውት፣ ወንፊትና ሙቀጫ፣ ሕፃንና ሐሜት ቀኑን ሙሉ በዚያ ሽንቁር ይመላለስ ነበር። እትዬ ዘይነባ የቡታጅራ ሰው ናት፤ ረጅም፣ ሳቋ ከቁመቷ የሚረዝም፣ ባሏ መንገድ ዳር ሱቅ የነበረው፣ እኛን ልጆቹን ከራሷ ልጆች ለይታ የማትቆጣ ሴት።

በማድ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከሌሎቹ ዕቃዎች ርቆ፣ በራሱ ምስማር ላይ የሚንጠለጠል ጎኑ የተጨረመተ ድስት ነበር። ስሙ የዘይነባ ድስት ነው። የእኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። እሷ የክርስቲያን እርድ አትበላም፣ እኛም የሙስሊም እርድ አንበላም፤ ስለዚህ ለፋሲካ እኛ ከዶሮው ጋር ስንታገል፣ እማዬ በዚያ ድስት ለብቻ ቅቤ የበዛበት ምስር ትሠራላታለች። ለኢድ ደግሞ እትዬ ዘይነባ ለእኛ በተለየ ሳህን ጎመን በአይብ ታቀርብልን ነበር፤ ያ ጎመን እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። እኔ በልጅነቴ እያንዳንዱ ቤት ለጎረቤቱ የሚሆን ድስት ሰቅሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ያን ድስት በስህተት በወጥ ማንኪያ እንኳ እንዳይነካ እንዴት አድርጋ ትጠብቀው እንደነበር ሳስብ፣ ዛሬም እደነቃለሁ።

ካርቶኗን ያመጣችው አክስቴ ናት። ፈረንጅ ቤት ምግብ ታበስል ነበርና፣ አሠሪዎቿ አገራቸው ሲመለሱ ጓዳቸውን ለሠራተኞቹ ሲያከፋፍሉ ይህቺ ደረሰቻት። ሁዳዴ ስለነበር ማንም ሊነካት አልቻለም፤ እማዬ ሳሎን ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ለእንግዳ ከሚወጡት ብርጭቆዎች አጠገብ፣ ፎቶው በመስተዋቱ እንዲታይ አድርጋ አቆመቻት። ፋሲካ መጣና እውነተኛው ሥጋ ስለነበረ ማንም አላስታወሳት። ከዚያ በኋላ ካርቶኗ ጌጥ ሆነች። የሰፈሩ ልጆች ቆመው ያይዋታል፤ እንግዳ ሲመጣ አባዬ አውጥቶ ያስጎበኛታል። አባዬ የፋብሪካ መጋዘን ሠራተኛ ስለነበረ እንግሊዝኛውን የተማረው ከካርቶን ላይ ነው። የቱ ወገን ወደ ላይ መዞር እንዳለበት፣ ምን እንዳይረጥብ፣ ምን እንደሚሰበር ከማንም በላይ ያውቃል። የዚችንም ጀርባ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ሥጋ የሚለውን ቃል አገኘ፣ አጠገቡም መጠኑን። እማዬ ካርቶኗን በእጇ መዝና፣ "ይህን ያህል ሥጋ ያለበት እንዴት እንዲህ ቀለለ?" ስትለው፣ አባዬ ሳያመነታ፣ "ደርቆ ነዋ! እንደ ቋንጣ። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል" አላት። መጋዘን የሠራ ሰው ሲናገር ማን ይከራከራል?

ከዚያ በክረምቱ መጨረሻ እትዬ ዘይነባ ልትሄድ ሆነ። የባሏ አባት ደክመው መሬቱን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ፣ ሱቁን ሸጠው ጠቅልለው ቡታጅራ ሊገቡ ነው።  ወሬው ከተሰማ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ እኔ ከትምህርት ቤት አባዬ ከፋብሪካው ስንመለስ፣ ካርቶኗ ከቡፌው ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ቆማ አገኘናት። እማዬ ሐሳቧን ነገረችን። ለዘይነባ የመሰነባበቻ እራት ታደርግላታለች፤ ለብቻ ምስር፣ ለብቻ ሥጋ የለም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ድግስ፣ ከአንድ ትሪ። "ይኼን ማን አረደው? ማንም። ፋብሪካ ነው" አለች። አባዬ ሃይማኖት አጥባቂ ስለነበር አንገቱን ነቀነቀ፤ "ማንም ካልባረከውማ ለእኛም ለእነሱም ክልክል ነው" አላት። እማዬ፣ "እሰይ! ለሁለታችንም እኩል ከተከለከለ፣ ለሁለታችንም እኩል ነው" ብላ ነገሩን ዘጋችው።

የምታበስለው በዘይነባ ድስት መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ። ሥጋ ሊገባበት ነው! እማዬ ዓይኔን አይታ፣ ድስቱን በአመድ እየፈተገች፣ "ከእንግዲህ ለማን ብዬ ልጠብቀው?" አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴ ለጎረቤት ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ማታ እትዬ ዘይነባ አዲስ ሻሿን አስራ በሽንቁሩ ሳይሆን በዋናው በር ገባች፤ የተጋበዘ ሰው በበር ነው የሚገባው። እንደወትሮዋ ግን አልሳቀችም። እኛ ማድ ቤት ነን። መኮረኒው በላምባ ምድጃው ላይ ፈላ፣ ወተቱ ገባ፣ ዱቄቷ ተበተነች፣ ድስቱ በቀለሙ የመስቀል ወፍ መሰለ። ሥጋው ብቻ ቀረ። እማዬ አማሰለች። ጠበቀች። ደግማ አማሰለች። ከረጢቷን ገልብጣ አራገፈቻት፤ የካርቶኗን ሆድ በእጇ ዳበሰች። አባዬ ተጠርቶ መጣና ጽሑፉን ከመብራቱ ሥር እንደገና ሲያነበው፣ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለዋወጠ። ሥጋውን ራሳችሁ ጨምሩበት ነው የሚለው ለካ። "ታዲያ ይሄ ፎቶ ምንድን ነው?" አለች እማዬ። አባዬ ካርቶኗን ወደ ፎቶው ገልብጦ ጽሑፍ ፈለገበት።

ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እማዬ ግን ዶሮዋ የጣለቻቸውን እንቁላሎች ጠብሳ ከላይ ነሰነሰችበት፣ ትሪውን ተሸክማ ገባችና ካርቶኗን አጠገቡ አቁማ፣ "ዘይኔ፣ ሥጋው ፎቶው ላይ ብቻ ነው። ፈረንጆቹ አዋረዱኝ!" አለች።

እትዬ ዘይነባ ትሪውን አየች፣ ካርቶኗን አየች፣ ከዚያ ያ ረጅም ሳቋ ፈነዳ። ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ፣ "አስኩ፣ እውነቱን ልንገርሽ?" አለቻት እማዬን። "ከቀትር ጀምሮ ምን ብዬ እንደማመልጥሽ ሳስብ ነው የዋልኩት። ሥጋ ካለበት አልበላው፤ አልበላም ብልሽ ደግሞ ቅር ይልሻል። ሆዴን አሞኛል ልልሽ ነበር የመጣሁት። በየትኛው ድስት ሠራሽው?"

"በአንቺው።"

"አልሐምዱሊላህ! ድስቴም ተረፈች፣ እኔም ተረፍኩ።"

በሽንቁሩ ሮጣ ሄዳ ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤ ይዛ ተመለሰች፤ የፈረንጁ እራት ያለ እነሱ አይዋጥም ነበርና። ከዚያ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን። መኮረኒ ማጉረስ ሞክራችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ከጣት ያመልጣል፣ አገጭ ላይ ይቀራል። እትዬ ዘይነባ ግን እማዬን አጎረሰቻት፣ እማዬም እሷን፤ አባዬ እንኳ አገጩ ብርቱካንማ ሆኖ፣ የዚያችን ካርቶን ጀርባ ሌላ ጊዜ በደንብ እንደሚያነበው ቃል ገባ። ሥጋ ቢኖርበት ኖሮ ያን ማታ እትዬ ዘይነባ አንድም ሳትቀምስ እኛ እያየናት ትወጣ ነበር።

በሳምንቱ ሄደች። ድስቱ ግን ወደ ምስማሩ ተመለሰ፤ እማዬ እንግዳ ቢበዛ፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢያዝ፣ ሥጋ አላስነካችውም። ከብዙ ዓመት በኋላ እማዬ ስታርፍ እትዬ ዘይነባ ለለቅሶ ከቡታጅራ መጣች፤ አርጅታለች፣ ቁመቷ ጎብጧል። ማንንም ሳትጠይቅ ማድ ቤት ገብታ ድስቱን ከምስማሩ አወረደች፣ ውስጡን በጣቷ ዳበሰች፣ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች። ምስር ሠርታ እኛን ልጆቿን አጎረሰችን። እሷም አሁን የለችም።

ድስቱ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ካርቶኗን የሠራሁት በእሱ ነው። ልጄ የጀርባውን ጽሑፍ ካነበበች በኋላ፣ "እማ፣ ሥጋ ጨምሩበት ይላል፤ ፍሪጅ ውስጥ አለ እኮ" አለችኝ። በዚህ ድስት አይሆንም አልኳት። ለምን ስትለኝ ነገርኳትና ሳቀች፤ ከዚያ ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከደጄ ፊት ለፊት፣ ደረጃው ማዶ፣ አንድ ቤተሰብ ይኖራል። ሦስት ዓመት ሆነን። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ሴትየዋ ፈገግታዋ ደስ ይላል። ምን እንደምትበላ አላውቅም። ምን እንደማትበላም አላውቅም።