አምስተኛው አባታችን

ከአምቦ የወጣሁት ማምሻውን ነው፣ ወደ ነቀምት በሚመለስ የጭነት መኪና፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። አብረውኝ የተማሩትን ቀበሌው እየለቀመ ያስር ስለነበር እናቴ አላንገራገረችም፤ ጭኮ ቋጥራ ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። የመንገዱን መከራ ባልነግራችሁ ይሻላል። ብቻ ካርቱም ገባሁ።

ሙቀቱ እሳት፣ ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ! የስደተኛ መዝጋቢው ቀቢላሽ ምንድን ነው አለኝ፤ ጎሳ ማለቱ ነው። እኔ ሞኟ ጎሳዬን፣ ቀጥሎም በልበላዬን ላስረዳው ተነሳሁ። በልበላ በኦሮምኛ በር ነው፤ ከአንድ አባት ደጅ የወጣ ሁሉ አንድ በልበላ ይባላል። ሰውየው አዛጋና «ሐበሺያ» ብሎ ጻፈ።

ቶሎሳን ያገኘሁት እዚያው ሰልፍ ላይ ነው፣ የጊንጪ ልጅ። ወደድኩት፣ ምን ልደብቃችሁ። ልንጋባ ስንል እንደ ወጉ ሽማግሌ ዘራችንን ይቁጠርልን አልን፤ በእኛ ዘንድ ከአንድ ጎሳ አይጋቡም። ቶሎሳ የከተማ ልጅ ስለሆነ ጎሳውን አያውቅም፤ የአባቶቹን ስም ግን አስጠንተውታል። እንደ እኛ ተሰደው ካርቱም የነበሩ የእንጭኒ ሽማግሌ፣ ኦቦ ደበላ ፊት እኔም ጠራሁ፣ እሱም ጠራ። አምስተኛው አባት ላይ ስሙም አገሩም ገጠመ።

ኦቦ ደበላ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። «ልጄ፣ ወንድምሽ ነው» አሉኝ።

«እዚህ ማን ያውቅብናል?» አለ ቶሎሳ።

«እናንተ አወቃችሁ።»

ሆድ ይፍጀው። ብዙም ሳይቆይ ለቶሎሳ የካናዳ ዕድል ወጣለት። ወንድሜ ከሆነስ አብረን እንሂድ ብለን የስደተኞች ቢሮ ገባን። ሹሙ አባታችሁ አንድ ነው ወይ ሲል አዎ፣ አምስተኛው አልነው። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄ ዝምድና አይባልም። ከፈለጋችሁ ተጋቡና አብራችሁ ሂዱ።»

«እንዴት ወንድሜን አገባለሁ?» አልኩት።

ያበድን መሰልነው መሰለኝ፣ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። ቶሎሳ ብቻውን ሄደ። እኔ የሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ ካርቱም ቀረሁ።

ከስንት ጊዜ በኋላ እናቴ አምቦ ቴሌ ተጠርታ መጣችና ድምጿን ሰማሁ። አምስተኛ አባታችን አንድ የሆነ የጊንጪ ልጅ አግኝቼ ነበር፣ አሁን ካናዳ ነው አልኳት። የቀረውን አፌ አልደፈረም። እሷ ደስታዋን አልቻለችውም።

«ዋቃዮ ይመስገን፣ በሰው አገር ወንድም ሰጠሽ። ስታገኚው ሳሚልኝ» አለችኝ።

«እሺ እማዬ» አልኳት።