በሄርሜሊንዳ ስም የመጣው ደብዳቤ

ኤውላልያ ባራሃስ ከአገሯ ርቃ በያኪማ ሸለቆ ፖም ማሸጊያ ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደህናውን ፖም ወደ ሳጥን፣ ነቁጥ ያለበትን ወደ ጭማቂ ትለያለች። እግሯ ያብጣል፣ ወገቧ ይቆረጣል፤ እሷ ግን «ደክሞኛል» ማለቱ ራሱ ያደክማታል።

እዚያ ቤት ኤውላልያ ብሎ የሚጠራት ሰው የለም። የሥራ ፈቃድ ወረቀቱ የአበልጇ የሄርሜሊንዳ ነው። ሄርሜሊንዳ የኤውላልያን ልጅ ክርስትና ያነሳች ሴት ናት። እናቷን ልታስታምም ወደ አገራቸው ወደ ሚቾአካን ስትመለስ «ስሜን ጠብቂልኝ» ብላ ወረቀቷን ትታላት ሄደች። ፖም በሚለይበት መስመር ላይ በሰው ስም የምትቆም ሌላም አለች፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ኤውላልያን በአደራ አትሟት። በሄርሜሊንዳ ስም የመጣ ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት የጫማ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ለገና ሰው ወደ አገር ቤት ሲወርድ ጠቅልላ ትልክላታለች። የሰው ደብዳቤ አይከፈትም፤ እናቷ እንዲህ ነው ያሳደገቻት።

በመስከረም መጨረሻ የጡት ራጅ የምታነሳዋ የሐኪም ቤት መኪና ማሸጊያ ቤቱ ግቢ ውስጥ መጥታ ቆመች። በዓመት አንዴ ነው የምትመጣው። ሐኪም ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ኤውላልያ ደግሞ መኪና አትነዳም። በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ተሰለፉ።

«ፖሙን ለጭማቂ ስንልክ ኖረን ዛሬ እኛው በራጅ ማሽኑ ልንጨመቅ ነው!» አለች አንዷ፤ ሰልፉ በሳቅ ተናጋ።

የመኪናዋ መዝጋቢ ቀና ብላ የኤውላልያን ፊት እንኳ አላየችም። የኤውላልያ ደረት ላይ ከተንጠለጠለው የሥራ ባጅ «ሄርሜሊንዳ ካሳሬስ» ብላ ገለበጠች። ኤውላልያ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የሥራ አለቃዋ ካቦው አጠገባቸው ቆሟል፤ መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ረሳችው። ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት፤ አላነሳችም። ከማያውቁት ቁጥር ምን ደግ ነገር ይመጣል? በጥቅምት በሄርሜሊንዳ ስም ሁለት ደብዳቤ መጣ። እንደ ወትሮው ካርቶን ገባ፣ ለገናም ሚቾአካን ወረደ።

ጥር ላይ ሄርሜሊንዳ ደወለች።

«አበልጄ፣ ይሄ ሐኪም ቤት ጤነኛ ነው?»

«የቱ ሐኪም ቤት?»

«በላክሽልኝ ደብዳቤ፣ ግራ ጡትሽ ላይ ያየነው ነገር አለ፣ ቶሎ ተመለሺና ደግመን እንየው ይሉኛል። እኔ እዚህ በቆሎ ስፈለፍል እነሱ እዚያ ሆነው ጡቴን በምን አዩት?»

የኤውላልያ እጅ ሳታዝዘው ወደ ግራ ጡቷ ሄደ።

«አበልጄ? አለሽ?»

«የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጡቱ የኔ ነው።»

ሄርሜሊንዳ ጮኸች። «አንቺ ቂል! በሽታሽን ጠቅልለሽ ለኔ ላክሽልኝ? ስሜን አዋስኩሽ እንጂ ጡቴን አዋስኩሽ?» ደግሞ እያለቀሰች ነው። «ዛሬ ነገ ሳትይ ሂጂ። በራስሽ ስም ሂጂ! የሞትሽ እንደሆነ መቃብሩ ላይ የኔን ስም ጽፈው ማንን ብዬ ላለቅስ ነው?»

ሦስት ወር አልፏል። ነቁጥ ያለበት ፖም ሦስት ወር ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን ከኤውላልያ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለካቦው «ጥርሴን አሞኛል» ብላ አስፈቀደች፤ ጎረቤቷ በመኪናው ሐኪም ቤት ወሰዳት። መንገዱን ሁሉ ስታብሰለስል ሄደች። የራሷን ስም ብትናገር ወሬው ማሸጊያ ቤት ይደርስና እንጀራዋ ይቀር ይሆናል። በሄርሜሊንዳ ስም ብትገባ ደግሞ የሚታከመው ማን ነው? ፈራች፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰለቻት። አሥራ አንድ ዓመት ሌላ ሰው ሆኖ መዋል ከፖሙ ይልቅ ያደክማል።

የሐኪም ቤቱ መመዝገቢያ መስኮት ጋ ደርሳ እውነቱን በሹክሹክታ ተናገረች። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ የአገሯን ቋንቋ የምትናገር ሆና ተገኘች፤ አልደነገጠችም።

«እናቴ፣ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም። ማሸጊያ ቤትዎ ከኛ ምንም አይሰማም። የበፊቱን ራጅ ፈልጌ በስምዎ አደርገዋለሁ። እዚያ ይቀመጡ፣ በስምዎ ይጠራሉ።»

ኤውላልያ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

በሩ ተከፈተ። «ኤውላልያ ባራሃስ!» አለች ነርሷ።

የተነሳ የለም።

«ኤውላልያ ባራሃስ!»

ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ተያየ። ኤውላልያም አብራ ዞር ዞር አለች። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ ተራዋ ሊያልፋት ነው፣ ምስኪን፣ ስትል ለተጠራችው ሴትዮ አዘነችላት።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አውጥታ ስሙን ልትሰርዝ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች።

«እኔ ነኝ» አለች ኤውላልያ ብድግ ብላ፣ ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ። «ይቅርታ... እኔ ነኝ።»