አጎቴ የሚያነጥፉት አንሶላ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ማንም ቤት ሲገቡ ምንጣፍ በለበሰው መደብ፣ በነደባው ላይ የራሳቸውን አንሶላ ሳያነጥፉ አይቀመጡም ነበር። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቆዳቸው እየተቀረፈ ይረግፋል። «ሰው ቤት ቅርፊቴን ትቼ አልሄድም» ይሉ ነበር።

የደም ካንሰር ሲይዛቸው ህንድ አገር ሄደን የእኔን መቅኒ ሰጠኋቸው። ሐኪሙ እንዳሉን፣ ቆዳቸውን ሲያጠቃ የኖረው የገዛ ደማቸው ነበር፤ ከእኔ መቅኒ በሚመነጭ ደም ሲተካ ቆዳቸው ጠራ። ፈላና በር ሰፈር ወዳለው ቤታችን ተመልሰን ያለ አንሶላ ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ገና እንደ ሰው ተቀመጥኩ» አሉኝ።

ካንሰሩ ግን ተመለሰና ወሰዳቸው። ያጠቧቸው ሰዎች «ገላቸው የሕፃን ይመስላል» ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ምን ያደርግልኛል?

ዛሬ ይቀመጡበት የነበረውን ምንጣፍ አገላብጬ ፈለግኩ። አንዲት ቅርፊት እንኳ አልተዉልኝም።