ድንጋዩ ላይ የሚቀመጥ ቆሎ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል በታች፣ መንገዱ ጥግ ላይ፣ አንዲት ሴት ገብስ ትቆላለች። ሽታው በመስኮቴ ሲገባ የምጽፈውን አቆማለሁ፤ አያ ይርጋን ይዞብኝ ይመጣላ። ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ጮክ ብዬ ካነበብኩት አረፍተ ነገር የመጨረሻዋን ቃል ቀስ ብሎ ይደግማታል። ዞር ብዬ አላይም። ድሮም ሰው ፊቱን ሲያየው አይወድም ነበር።

አያ ይርጋ ኮሶዬ በምትባል መንደር፣ ከጎንደር ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእህቱ ከእትዬ ጥሩነሽ ምግብ ቤት ጓሮ ይኖር ነበር። ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ነው። ረጅም ሰው ነበር። በጋም ሆነ ክረምት አንዲት አረንጓዴ የሱፍ ኮፍያ ያደርጋል፤ ስትታጠብበት እስክትደርቅ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል። ከገብስ ቂጣ በቀር አይበላም። ሳህኑን ከቦታው ካነሡበት ይጮሃል፤ እንዲያውም አንድ ቀን ሳህኑን ገፋ ላደረገበት ሾፌር ሻዩን እላዩ ላይ ደፍቶበታል። «ደህና ዋልህ አያ ይርጋ?» ስንለው «አያ ይርጋ» ብሎ ይመልሳል። የሰፈሩ ሰው ታላቁን ሁሉ «አያ» ሲል፣ ለእሱ ሲሆን ቃሏን ይነፍገው ነበር። «ያ ጅሉ» ነበር የሚሉት። እናቴ ግን «አያ» ሳንል ስሙን ከጠራን አትለቀንም።

ሥራው ገብስ መቁላት ነበር። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሲሸፍነው አውቶቡሶች መብራት አብርተው ይቆማሉ፤ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን እየዘረጋ ከእትዬ ጥሩነሽ ቆሎ ይገዛል። እሱ ጓሮ፣ ብረት ምጣዱ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ እየተወዛወዘ ያማስላል። ገብሱ መንጣጣት ሲጀምር እሱም ከጉሮሮው «እምም» የሚል ድምፅ ያወጣል፤ ደስ ሲለው ነው። አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ከነፋ ግን እየጮኸ፣ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል፣ ቆሎውም ያርራል። እትዬ ጥሩነሽ ያረረውን እየበተኑ «ዛሬም ዶሮዎቹ ጠገቡ» ይላሉ።

በእኛ አገር ሰላምታ ማለት መሳሳም ነው፤ ጉንጭ ለጉንጭ፣ መላልሶ። አያ ይርጋ ሰው ሲነካው እንደተቃጠለ ሰው ይሸሻል። የእሱ ሰላምታ ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ካየኝ፣ አንድ እፍኝ ትኩስ ቆሎ ያነሣና ካቡ ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ወደ ኋላ ያፈገፍግና ወዲያ እያየ ይቆማል። አንሥቼ መቆርጠም ስጀምር «እምም» ይላል። በልጅነቴ ከሰላምታ ሁሉ የምወደው ይህንን ነበር፤ ጉንጬ አይረጥብም፣ አፌም ባዶ አይሆንም።

እትዬ ጥሩነሽ ወንድማቸውን ይወዱት ነበር። ስለሚወዱትም እንዲድን ፈለጉ። ጎረቤቱ «መንፈስ ነው፣ ጠበል ውሰጂው» እያለ ሲነዘንዛቸው ከርሞ፣ በአንድ ዐቢይ ጾም እሺ አሉ። እኔም ከእናቴ ጋር ለመጠመቅ ሄጄ ነበር። ውሃው ከዓለት የሚወርድ፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ነው። አያ ይርጋ ከሥሩ አልቆምም አለ። ጎረምሶች እጅና እግሩን ያዙት፤ ኮፍያው ጭቃ ላይ ወደቀች። ጮኸ። በጠበል ቦታ ጩኸት የመልካም ምልክት ነውና ሰው ሁሉ «ጮኸ፣ ሊለቅ ነው» ብሎ እልል አለ። እኔ ግን ጩኸቱን አውቀዋለሁ። አይሱዙ ጥሩምባ ሲነፋበት የሚጮኸው ጩኸት ነበር። እልልታው በበረታ ቁጥር እሱም ይብስበት ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ኮፍያዋን ደረታቸው ላይ ይዘው ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጸጥ አለ። ዳነ ተባለ። ቆሎ መቁላቱን ቀጠለ፤ ድንጋዩ ላይ ማስቀመጡን ግን ተወ። ካቡ ጋ ቆሜ እጠብቀው ነበር። ከምጣዱ አይነሣም። እኔ ለትምህርት ጎንደር ከገባሁ በኋላ በአንዱ ክረምት ታሞ ሞተ፤ ለቀብሩ አልደረስኩም።

አሁን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ ውስጡ እሱን የመሰለ ሰው አለ። ዛሬ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ኦቲዝም ይሉታል፤ ያኔ በሰፈራችን የነበሩት ስሞች ጅልነትና ልክፍት ነበሩ። እንዳልበድለው ብዬ አሳመርኩት። ጉም ሲመጣ ቀድሞ የሚያውቅ አደረግሁት፣ ረጅም ንግግር ሰጠሁት፣ መጨረሻ ላይ እህቱ ታቅፈዋለች፤ እሱም ትከሻዋ ላይ ያለቅሳል። ከኋላዬ ቃል የሚደግመው ድምፅ ግን እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ዝም ይላል። ባነበብኩት ቁጥር ዝም ይላል። ፈራሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጽሑፉን ይዤ ኮሶዬ ወጣሁ። እትዬ ጥሩነሽ አርጅተዋል፤ ምግብ ቤቱን ልጃቸው ይዛዋለች። አገላብጠው ሳሙኝና ጓሮ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ጉሙ ጋ ስደርስ ሳቁ።

«ጉም መች ያውቅ ነበር? እንደኛው ሲበሰብስ ነው የኖረ።»

ረጅሙን ንግግር ሲሰሙ «ሸጋ ነው፤ የማን ነው?» አሉኝ። የእሱ ነው ለማለት አፈርኩ።

እቅፉን አንብቤ ስጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው አስያዝሽው?»

«እህቱ አቀፈችው እንጂ አልያዘችውም እኮ፣ እትዬ።»

«ለሱ አንድ ነው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያስያዝኩት፣ ይድናል ብየ። የሰው ፊት አያይም ትሉት የለም? ውሃው ውስጥ ሁኖ እኔን ነበር የሚያየኝ። አሁንም እንዳየኝ ነው። አንች ደግሞ በመጽሐፍ አታስይዥው። እዚያስ ይረፍ።»

ገጹን እዚያው ፊታቸው ሰረዝኩት።

ልሄድ ስነሣ ጉሙ መንገዱን ይዞታል። እንደገና ይስሙኛል ብዬ ጉንጬን አቀረብኩ። እሳቸው ግን ገብስ ጥደውበት ወደነበረው ምጣድ ሄዱ። አንድ እፍኝ ዘግነው ካቡ ጋ ደረሱ፤ ካቡ ግማሹ ፈርሷል፣ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ግን አለች። ቆሎውን አስቀምጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉና ወዲያ እያዩ ቆሙ። አነሣሁት። ትኩስ ነበር፤ ግማሹ አርሯል። መቆርጠም ጀመርኩና «እምም» የሚል ድምፅ ጠበቅሁ። እትዬ ጥሩነሽም ፊታቸውን ወደ ጉሙ እንዳዞሩ ይጠብቁ ነበር።