ፍርሃቴን ይዞ የሄደው ኪኒን

ፍርሃት ሲይዘኝ ከእግሬ ነው የሚጀምረው። ሌላው ሰው ልቤ ልቤ ይላል፤ እኔ መጀመሪያ እግሬ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፣ ከዚያ ሞቴን አያለሁ። ጅማ ገበያ መሐል ቲማቲም እየመረጥኩ ሞቴን ያየሁበት ቀን አለ። ሻጯ «ምነው እታለም፣ ቲማቲሙ ነው እንዴ ያስደነገጠሽ?» ብላ ሳቀች። ልስቅላት ፈልጌ አፌ አልታዘዘኝም።

ሰፈሬ አወቱ መንደራ ያሉት ጎረቤቶቼ ጅኒ ነው አሉ። ቁርኣን ተቀራልኝ፣ ውሃ ተረጨብኝ። አላህ ይስጣቸው፣ ከፍቅር ነው። ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሐኪም ረጋ ብላ አዳመጠችኝና «የጭንቀት ሕመም ነው፤ መድኃኒት አለው» አለችኝ። በየቀኑ የሚዋጥ ትንሽ ነጭ ኪኒን አዘዘችልኝ። «የሚሰማዎት ለውጥ ካለ መጥተው ይንገሩኝ» ማለቷንም አልረሳሁም፤ ያኔ ግን ጆሮዬ የያዘው «መድኃኒት አለው» የሚለውን ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ሠራ። የጎረቤት ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ውሎ ድንገት ቀጥ ሲል እንዴት ነው? እንደዚያ ነው የሆነልኝ። አልሃምዱሊላህ አልኩ። ዝምታው እስከየት ድረስ ዘልቆ እንደሚገባ አላሰብኩም።

የምሠራው ቡና መጋዘን ነው፤ ለቃሚ ነኝ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው እየለየን ሴቶች ተደርድረን እንውላለን። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደልም የለየሁት ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው። ወሬ ግን ከእናቴ ወርሻለሁ፣ ሴቶቹም እጃቸው ሲደክም «በይ አንድ በይን» ይሉኛል። ኪኒኑን ከጀመርኩ በኋላም አወራሁላቸው፤ ቃሉ አልጠፋኝም። አንዷ ግን ቀና ብላ አየችኝና «ምነው አንቺ፣ ዛሬስ ዜና ነው የምታነቢልን» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄን ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ድምፅ ሰማሁት።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እናቴ የትውልድ አገራችን ሸቤ ላይ የሞተችው።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ ሰው በገባ ቁጥር «እንዴት ሆና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከቤተሰቡ አንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረዋል። ነጋሪው መሐል ላይ ድምፁ ይሰበራል፣ ያኔ አብረው ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ሌላ እንግዳ ይገባል። ታላቅ እህቴ እናታችን ስትሞት አጠገቧ ነበረች፤ ልትናገር አፏን ስትከፍት እንባዋ እየቀደማት አልቻለችም። «አንቺ ወሬ ታውቂበታለሽ፣ አንቺ ንገሪያቸው» አሉኝ። ከእህቴ የሰማሁትን ይዤ ነገርኳቸው። ጠዋት ዶሮዎቿን ፈታች፣ ወገቤን አመመኝ ብላ ጋደም አለች፣ እህቴን «በሩን ክፈቺው፣ ጨለመብኝ» አለቻት። በሩ ክፍት ነበር።

እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ይጮኻሉ። እኔ እስኪጨርሱ ጠብቄ እቀጥላለሁ። አዲስ ሰው ሲገባ እንደገና፤ ቃሉ ሳይዛነፍ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ። አንዲት አሮጊት «ማሻአላህ፣ አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን የሰጣት ልጅ» ብለው ራሴን ዳበሱኝ። እህቴ ግን ጓዳ ጠብቃ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ተረት አደረግሻት» አለችኝ።

«ማንን?»

«እማን ነዋ! ወይ ረቢ፣ አንቺ ልጅ ልብሽን የት ጥለሽው መጣሽ?»

ስለ ኪኒኑ አልነገርኳትም ነበር። ወደ እንግዶቹ ተመለስኩ።

ጅማ ተመልሼ ብቻዬን ስሆን «በሩ ክፍት ነበር» እላለሁ። የታመመ ጥርስን በምላስ እንደሚነካኩት እነካካዋለሁ፤ አያምም። እናቴ በእህቴ ሕልም እየመጣች ነው አሉ። እኔ ዘንድ አልመጣችም። ተኝቼ እጠብቃታለሁ፤ ነግቶ እነሳለሁ። ከሞቷ ይልቅ ይህ አለመምጣቷ ነው ቤቴን የሞላው።

ረመዳን ሲገባ ኪኒኑን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ጾሙ ያጥበኛል፣ እንባዬን ይመልስልኛል ብዬ። ማንንም አላማከርኩም። መጀመሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ነዘር ነዘር አለኝ፣ ከዚያ ላብ፣ ከዚያ ያ ፍርሃት ወንድሞቹን ሁሉ ጠርቶ መጣ። ቡና እየለቀምኩ ወደቅኩ። ሴቶቹ ደግፈው ሐኪሟ ዘንድ ወሰዱኝ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ምን ብዬ ዶክተር? ማልቀስ አቃተኝ ብዬ ሐኪም ቤት ልምጣ?»

«አዎ» አለችኝ፣ ሳትስቅ። «በዚህ መድኃኒት ስሜታቸው የሚደነዝዝባቸው ሰዎች አሉ፤ መጠኑን እናስተካክለዋለን። ብቻ በአንዴ አይቆምም። ለጾሙም ቢሆን ካፈጠሩ በኋላ መዋጥ ይችሉ ነበር።»

መልሳ አስጀመረችኝ፤ ቆይታ ቀስ በቀስ ቀነሰችልኝ። ፍርሃቱ አሁን አልፎ አልፎ እግሬን ይነካኝና ይመለሳል። ሳቄ ወደ ራሴ ጉሮሮ ተመልሷል። ለእናቴ ግን እንባ የለም። መድኃኒቱ ነው ወይስ ኀዘኑ ራሱ ያደረቀኝ ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ እርግጠኛ ሆና ልትነግረኝ እንደማትችል ነገረችኝ። ያን ቀን ለእህቴ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰማችኝና ዘጋችው።

ዒድ ካለፈ ከወራት በኋላ ሳላስባት እህቴ በር አንኳኳች። ከስታለች፤ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ አይቆምም። ለቅሶው ከሁሉም ቤት ሲወጣ ከእሷ አልወጣም። እንቅልፍ የላትም። ሸለብ ሲያደርጋት እናታችን ትመጣና «በሩን ክፈቺው» ትላታለች። ትነሳለች፣ ትከፍታለች፣ ተመልሳ ትተኛለች፣ ደግሞ ትጠራታለች።

ሻዩን ሳትነካ «ያንን ኪኒን ስጪኝ» አለች።

እኛ ሰፈር ኪኒን እንደ ጨው ነው፤ የራስ ምታቱን፣ የወገቡን፣ ከጎረቤት ተበድረን እንውጣለን። እጄ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ነበር። ብሰጣት ታርፍ ነበር። ታርፍና እንደ እኔ የማትመጣ እናት ትጠብቅ ነበር።

«አይሆንም እቴ። እሱ ለእኔ ተለክቶ የተሰጠ ነው። ነገ አብረን ሐኪሟ ዘንድ እንሄዳለን።»

«አሃ! ለአንቺ ሐላል፣ ለእኔ ሐራም?»

«ስደቢኝ። ግን አልሰጥሽም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ጋ አደረች ማለት እንጂ ተኛች ማለት አይቻልም።

ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ከመጣች ወዲህ ስትነካኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

«አንቺ… ከዋጥኩት እማ መምጣቷን ትተዋለች?»

እኔ፣ ወሬ የማላጣው፣ አትተውም ልላት ፈራሁ፤ ትተዋለች ልላትም ፈራሁ። እግሬ ቀዘቀዘ። ስሟ ተጠራ። እጄን ሳትለቅ ተነሳች፣ አብሬያት ገባሁ።