አጥሩ ይሂድ

አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ በሸተተኝ ቁጥር ነቀምቴ አቅራቢያ፣ ጉቴ ከተማ የነበረው ጓሯችን ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከብት የማርባት ልምድ አልነበረውም፣ ምክር የመስማት ልምድማ ጭራሹኑ! ዳማ የምትባለውን የሆሮ ዝርያ ላም ከሁለት ጊደሮቿ ጋር ሲገዛ፣ «ለጠንካራ ከብት ጠንካራ አጥር» ብሎ፣ ወፋፍራም ቋሚ በሲሚንቶ እያቆመና ከነቀምቴ ያስመጣውን እሾሃማ ሽቦ እየወጠረ በጋውን ሙሉ ሲያጥር ከረመ። ከዚያ በኋላ ቤታችን የመጣውን እንግዳ ሁሉ ጓሮ ወስዶ አጥሩን ያስገፋው ነበር።

ክረምት ሲገባ ከብቶቹ እዚያው እየረገጡ፣ እዚያው እየጣሉ፣ በረቱ እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ማጥ ሆነ። መዥገርም ጥማትም የማይበግራት ዳማ ማጥ ውስጥ ቆሞ ማደርን ግን እምቢ አለች፤ ሽቦውን በቀንዷ ፈልቅቃ እየወጣች የጎረቤታችንን የወይዘሮዋን፣ የአዴ ድንቂቱን፣ በቆሎ ሁለት ጊዜ በላች። አባቴ ሽቦ ጨመረበት፤ እሷም ደረቷን ተልትላ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣች። ያን ቀን አባቴ፣ «በቃ፣ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች» አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያለ ዳማ እህል አልቀምስም ብዬ ቤቱን በለቅሶ ቀወጥኩት።

በማግሥቱ አዴ ድንቂቱ ሲመጡ ሊከሱን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብለው ገብተው የዳማን ቁስል ዳሰሱ።

«መምህር፣ ላሟ የሸሸችው ጭቃውን ነው። አጥሩ ይሂድ እንጂ ላሟ ለምን ትሄዳለች?»

«አጥር እንዴት ይሄዳል፣ አዴ?»

«እኛ ዘንድ ይሄዳል። ቀጭን የባሕር ዛፍ አጠና ይበቃል። በየአራት ቀኑ ነቅለን ወደ ደረቁ እንወስደዋለን፤ የለቀቁት መሬት ፍግ ጠግቦ ይቀራል። የኔም ከብቶች አብረው ይደሩ።»

አባቴ በሲሚንቶ ያቆመውን ቋሚ ገፋ ገፋ አደረገ። እናቴ ግን ዝም የምትል ሴት አልነበረችም፤ «ሲሚንቶህ ሐውልት ሆኖ ይቅርልህ፣ ላሟ አትሸጥም!» አለችው። ዓርብ ሦስታችን ሴቶች አጠናውን በልጥ እያሰርን የኋላው መሬት ላይ ቀለል ያለ በረት ሠራን። ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ገመድ ይዞ ቢወጣ፣ ዳማ ደረቅ መሬት ላይ ተኝታ ታመሰኳለች። ጥቂት ቆሞ አያትና ገመዱን ይዞ ተመለሰ።

በጋው ሲመጣም በረቱን ማዛወራችንን አልተውንም፤ አባቴም ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይጠራው፣ አጠና መሸከም ጀመረ። ጎመን እንኳ አላበቅልም ያለው የኋላው መሬት ዳር እስከ ዳር ተረግጦ ፍግ ጠገበ፤ በሚቀጥለው ክረምት በቆሎ ዘራንበት። ጳጉሜን ላይ አባቴ፣ ያ ሎጋ ሰው፣ በቆሎው ውስጥ ገብቶ ጠፋብን! «የት ነህ?» ብንለው እጁን ብቻ ከላይ አውጥቶ አወዛወዘ። አዴ ድንቂቱ እልል አሉ፣ እናቴ ተቀበለቻቸው፣ እኔማ በደስታ ልሞት ነበር። አባቴ የመጀመሪያውን እሸት ሰብሮ በሁለት እጁ ለአዴ ድንቂቱ ሰጣቸውና «ተሸነፍኩ» አለ እየሳቀ። እንደዚያ ቀን አምሮበት አይቼው አላውቅም።

ዛሬ ነቀምቴ የምኖረው ከቁመቴ በሚበልጥ የብሎኬት አጥር ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ በባጃጅ ሲያልፉ እጅ ያነሱልኛል። እንደ አዴ ድንቂቱ ገብተው «ተሳስተሻል» ብለውኝ ግን አያውቁም፤ እኔም በሩን ከፍቼላቸው አላውቅም።