ኪሞኖ ለብሶ ከአብነት እስከ ሰንጋ ተራ

እሑድ፣ ጥር 2008 ዓ.ም.
ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አብነት

የተጠራነው ለምሳ ነበር፤ ከቤት የወጣነው ግን ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከአብነት ሰንጋ ተራ በእግር ቢኬድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለዚህች መንገድ የጉዞ ማስታወሻ ልጽፍ ስነሳ ጓደኞቼ መሳቃቸው አይቀርም። ይሳቁ። እኔ በዚያን ቀን የለበስኩትን ለብሶ፣ እኔ ያስከተልኳትን እናት አስከትሎ የሄደ ሰው ካለ ግን ይምጣና አብረን እንሳቅ።

የለበስኩት ኪሞኖ ነው፤ የጃፓኖች ቀሚስ። ስሜ ሰናይት ይባላል፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ጋውን ለብሼ ክኒን ስቆጥር እከርምና እሑድ ሲመጣ በሬን ዘግቼ ኪሞኖዬን እለብሳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት መርካቶ ቦንዳ ልብስ ከሚሸጡት ዘንድ የመጋረጃ ጨርቅ ነው ተብዬ የገዛሁት ነው። ቤት ወስጄ ስዘረጋው እጅጌ ወጣለት። መልኩ ግራጫ ነው፤ ታች ጫፉ ላይ ነጫጭ ወፎች አሉበት። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሽ ሰይድ ገልብጠው አገላብጠው አዩትና «ይህ በእጅ የተሰፋ ነው ልጄ። አንድም ቦታ ዞሮ አልተቆረጠም፤ ሁሉም ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። ይህን የሰፋው ሰው ጨርቅ የሚያዝን ይመስለዋል» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያው ልብስ ላይ ቀረ።

ኪሞኖ ብቻውን አይለበስም። ወገቡ ላይ ኦቢ የሚሉት ሰፊ መቀነት አለው። ጃፓን ሄጄ ልገዛ አልችልም፤ ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ሁለት ስንዝር ወርድ፣ ስምንት ክንድ ርዝመት ያለው ቀይና ወርቃማ ጥለት አሸመንኩ። ጋሽ ሰይድ ገበር አደረጉበት። ለአንገቴ ከነጠላ ቁራጭ ነጭ ኮሌታ፣ ለእግሬም አውራ ጣት ለብቻው የሚገባበት ካልሲ ሰፉልኝ። ካልሲውን ጨርሰው ሲያዩት «እኔ እንግዲህ ለፍየል ጫማ መስፋት ጀመርኩ» ብለው በሳቅ ፈረሱ።

ኦቢ ደግሞ ለብቻ አይታሰርም፤ ቋጠሮው ጀርባ ላይ ነው። የምታስርልኝ እናቴ ናት። እናቴ ወይዘሮ ደስታ አብነት ላይ ባልትና ትሸጣለች፤ በርበሬዋን የማያውቅ የለም። ዕድሜዋን በሙሉ መቀነት ስታስር የኖረች ሴት ስለሆነች ኦቢ ያለ አስተማሪ ገባት። በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ ታስርልኛለች። አስራ ስትጨርስ ራቅ ብላ ታየኛለች። አንድም ቀን አምሮብሻል ብላኝ አታውቅም። «በይ አውልቂው፣ ሰው ይመጣል» ነው የምትለው።

ምሳ የጠራችን ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት ናት። ማሠልጠኛ ውስጥ ስፌት ታስተምራለች፤ የተዋወቅነው ጋሽ ሰይድ ቤት ነው። በዚያ ሰሞን እናቷ እማማ ፉሚኮ ሊጠይቋት ከአገራቸው መጥተው ነበር። «እናቴ ሥራዋ ሰው ኪሞኖ ማልበስ ነበር። ለብሰሽ ነይ፣ እናትሽም ትምጣ» አለችኝ።

የልብሱ ባለቤቶች ይስቁብኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። የባሰብኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። የምወደውን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ነውር ስትሸፍንልኝ ኖራለች። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ እኔ ይህን ለብሼ፣ እሷ ከጎኔ ሆና፣ ሰው እያየን አንድ ቀን መንገድ እንድንሄድ።

እሺ ስትል ውል አስገባችኝ። ሰፈሩ ሳይነቃ እንወጣለን። እሷ ከኋላ ራቅ ብላ ትመጣለች። «መቀነትሽ ከላላ ጥግ ይዘሽ ቁሚ፣ መጥቼ አስርልሻለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅሽም፣ አታውቂኝም» አለችኝ ነጠላዋን እየተከናነበች።

12 ሰዓት ከ50፣ ጌጃ ሰፈር

በኪሞኖ እርምጃ ማለት አንድ ስንዝር ተኩል ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ኩስ ኩስ እያልኩ እሄዳለሁ። ብረታ ብረት ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ፌስታል የያዙ አምስት ሰዎች ተሰልፈዋል። አምስቱም ዞሩ። ጥር ነውና ብርዱ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ እኔን ግን ሙቀት ለቀቀብኝ።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ አባት መንገዴ ላይ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ፊታቸው በሐዘኔታ ተሞላ።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ። ከየትኛው ሆስፒታል ነው?»

«አሜን አባባ፣ ደህና ነኝ። ልብስ ነው።»

«አይዞሽ፣ ይሻልሻል» አሉኝና እጄን ጨብጠው አለፉ። ወደ ኋላ ብዞር እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትስቅ ሳያት እኔንም አሳቀችኝ። ሁለታችን፣ በመካከላችን ሃያ እርምጃ እያለ፣ ለየብቻችን ሳቅን።

ታክሲ ልሞክር አልኩ። «ሜክሲኮ በሰንጋ ተራ!» የሚለው ረዳት በሩን ከፈተልኝ። እግሬን ባነሳ ልብሱ አላስነሳ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ጀለሴ፣ በጎን አስገባት፣ እንደ ቁም ሳጥን» አለው። እንደምንም በጎን ገባሁ። ቁጭ ስል ደግሞ የጀርባዬ ቋጠሮ አላስደገፈኝም፤ ፊት ለፊት ያሉት ሰዎች ጭን ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

«እህት፣ ከጀርባሽ ያለው ዕቃ ለብቻው ይከፈልበታል» አለ ረዳቱ።

«ዕቃ አይደለም፣ መቀነት ነው።»

«መቀነት ከሆነማ ነፃ ነው» አለ። ታክሲው ሳቀ። እናቴን ባይ ታክሲው ውስጥ ላለመግባት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ትቻት ልሄድ አልቻልኩም፤ ወረድኩ። ረዳቱ በሩን እየዘጋ «አራዳ ነሽ፣ እንዳታወልቂው» አለኝ። በዚያን ቀን መጀመሪያ የሰማሁት ምርቃት ይህ ነው።

2 ሰዓት ከሩብ፣ ቁርስ ቤት

ፉል አሥራ ስምንት ብር፣ ሻይ አራት ብር። ፉሉ ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ተርከፍክፎበታል፤ ዳቦው ከምድጃ የወጣ ትኩስ ነው። እጅጌዬን በአንድ እጄ ሰብስቤ በሌላው እየጠቀስኩ በላሁ። ረጅም እጅጌ ሰውን ጨዋ ያደርገዋል፤ እንደ ልብ መዛቅ የለም።

እናቴ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። የቤቱ ባለቤት ለካ የበርበሬዋ ደንበኛ ኖራለች፤ ገና ስታያት መጣችና ጉንጯን ሳመቻት።

«ደስታዬ፣ ምን እግር ጣለሽ በጠዋት? ያቺን ልጅ አየሻት?»

«አየኋት» አለች እናቴ።

«የምን ልብስ ነው? የማንስ ልጅ ትሆን?»

ዳቦዬን እንደያዝኩ ጆሮዬን ቀሰርኩ። እናቴ ሻይዋን አንስታ ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«እኔ ምን አውቄ» አለች።

ውል ውል ነው፤ ተስማምቻለሁ። ቢሆንም ከፋኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ያሳደገችኝ ሴት በአንድ መቀነት ምክንያት ካደችኝ። ፉሉን ወደ ጎን ገፋሁት። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁና ከቁርስ ቤቱ ጀርባ ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ ኦቢው ላልቶብኝ አልነበረም። መጣች። ፈትታ እንደገና አሰረችው። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አጠበቀችው።

«እማዬ፣ በጣም ጠበቀ።»

«እንዳይላላ ነው» አለች። ዓይኔን አላየችኝም። መስማቴን አውቃለች።

4 ሰዓት፣ ሰንጋ ተራ

እዚህ ሁሉም ነገር በግንባታ ላይ ነው። ብሎኬት፣ አሸዋ፣ የታጠፈ ብረት፣ ገና ቀለም ያልነካቸው ፎቆች። የሚዶሪ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ደግሞ ቧንቧ ሊቀበር ቦይ ተቆፍሮ አንዲት ጠባብ ጣውላ ተጋድማበታለች። በስንዝር ተኩል እርምጃ ጣውላ መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። መሃል ላይ ስደርስ ጣውላዋ ረገረገች፤ ቆምኩ። ወደፊትም ወደኋላም አልል አልኩ።

«ልያዝሽ እህት?» አለ ከቦይ ውስጥ ዶማውን ተደግፎ የቆመ ሠራተኛ።

ከእሱ በፊት ግን እናቴ ከኋላ ደርሳ ክርኔን ያዘች። ውላችን ውስጥ ጣውላ አልተጻፈም። «ወደ ታች አትይ፣ ወደ እሱም አትይ፣ ሂጂ» እያለች አሻገረችኝ። ከተሻገርን በኋላ እንደገና ራቅ አለች። ሰዓቱ ገና ስለነበር ሁለት ሰዓት ያህል የሕንፃው ጥላ ሥር በሁለት የተለያዩ ድንጋዮች ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ጎህ ሲቀድ ካልወጣን ብላ የተዋዋለችው እሷ ስለሆነች ማማረር አልቻለችም።

6 ሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ

በሩን ሚዶሪ ከፈተችው። አጨበጨበች። ከዚያ እጆቿ እንደተገጠሙ ቀሩ። ከኋላዋ እማማ ፉሚኮ ብቅ አሉ፤ ትንሽ፣ ሽበታም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ደረቴን አዩ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ሰናይት፣ ቆንጆ ነሽ» አለች ሚዶሪ ቃል እየፈለገች። «ግን የደረቱ አደራረብ ተገላብጧል። ግራው ነው ከላይ መሆን ያለበት። ቀኙ ከላይ ሲሆን እኛ አገር ለሞተ ሰው ነው።»

ሦስት ዓመት። እሑድ እሑድ በሬን ዘግቼ እንደ አስከሬን ለብሼ በመስታወት ፊት ስሽከረከር ኖሬአለሁ። ወደ እናቴ ዞርኩ። «አላልኩሽም? የሰው ልብስ ምን ያደርግልሻል?» እንድትለኝ እየጠበቅኩ ነበር። የዚያን ቀን ኪሞኖዬን አጥፌ ለዘላለም ሣጥን ውስጥ እንደማስቀምጠው ገብቶኛል።

እናቴ ግን ወደፊት ራመድ አለች።

«የእሷ ጥፋት አይደለም» አለች ለሚዶሪ። «ያለበስኳት እኔ ነኝ። እኛ ነጠላ ስናጣፋ ቀኙን ነው በላይ የምንጥለው፤ እጄ ያንን ለምዶ ነው።» ከዚያ ነጠላዋን አወረደችና ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ ለበሰችው። «እይልኝ፣ እኛም እንዲህ ካዘቀዘቅነው ለቅሶ ነው። እንዲህ ሆኜ መንገድ ብወጣ ያየኝ ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ይለኛል። ንገሪልኝ ለእናትሽ። ልጄን በቁሟ ገነዝኳት በይልኝ።»

ሚዶሪ ለመተርጎም ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። እማማ ፉሚኮ ሰሙ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ፤ የእኔን ደረት አዩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የእናቴን እጅ ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቷት፣ እኔንም አስከተሉ።

መኝታ ክፍል ውስጥ ሁለቱ እናቶች አንዲት ቃል ሳይግባቡ ፈትተው እንደገና አለበሱኝ። አንዷ ስትይዝ ሌላዋ ታጥፋለች። እማማ ፉሚኮ ትከሻዬን መታ አድርገው ያቃኑኛል፤ እናቴ ደግሞ «ቀጥ በይ ይሉሻል» እያለች ትተረጉማለች። ግራው ከላይ ሆነ። ኦቢው ላይ ሲደርሱ እማማ ፉሚኮ ጥለቱን በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ስትመጪ የነበረውን ቋጠሮ ማን አሰረው? ትላለች» አለች ሚዶሪ ከበሩ። «እንዲህ ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ሰው ካየች ቆይታለች። እናቴ ማልበስ ያስተማረቻቸው እንኳ አይችሉም።»

እናቴ አገጯን ቀና አደረገች።

«እኔ ነኛ። እናቷ ነኝ።»

ምሳው ባሕር ውስጥ በሚበቅል ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ዓሣ ነበር። እናቴ ዓሣው ጥሬ አለመሆኑን ሦስት ጊዜ አስጠይቃ፣ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ ነሰነሰችበት። እማማ ፉሚኮም ሳህናቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። ተቃጠሉ፤ ደገሙ። ሚዶሪ እናቷ የሚሉትን ስትተረጉም አንድ ጊዜ ፊቷ ቀላ። «ይህቺ ለብሳዋለች፣ የእኔዋ ግን ከሃያ ዓመቷ ወዲህ አልለበሰችም ትላለች» አለችና ሩዟን ዋጠች። እኔና እናቴ ወደ መስኮቱ ማየት ጀመርን።

9 ሰዓት ተኩል፣ ወደ አብነት

ጣውላዋን ተያይዘን ተሻገርን። ከተሻገርን በኋላም እጄን አልለቀቀችኝም። እኔም ውሉን አላነሳሁባትም።

ጌጃ ሰፈር ስንደርስ ወደ ቤት የሚያቋርጠው ቅያስ ጋ ቆመች። ጠዋት ተደብቀን የወጣንበት ነው፤ በዚያ ቢኬድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

«በዋናው እንሂድ» አለች።

«ይርቃል እኮ እማዬ። ኦቢውም ትንሽ ላልቷል።»

«ስንደርስ አስርልሻለሁ።»

ጥር ነው፤ መንገዱ በሠርግ መኪና ጥሩምባ ደምቋል፣ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቷል። እናቴ በስንዝር ተኩል እርምጃዬ ልክ ቀስ እያለች ከጎኔ ሄደች። ያወቋት ሰላም ሲሏት ሳይጠይቋት «ግራው ነው ከላይ የሚሆነው» እያለች ደረቴን ታሳያቸዋለች። አንዷን ደንበኛዋንማ እስኪገባት ድረስ አልለቀቀቻትም።

አብነት ስንደርስ፣ ከራሷ ባልትና ሱቅ ፊት ለፊት፣ ጎረቤቶቿ በርጩማ ይዘው በተቀመጡበት መንገድ መሃል አቆመችኝ። ከኋላዬ ዞራ ኦቢውን ፈታችና እንደ አዲስ ማሰር ጀመረች። በርጩማዎቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ።

«ደስታ፣ ማናት እቺ?» አለች ልብሱ ያሳታት ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤታችን።

«ልጄ ናት፣ ሰናይት» አለች እናቴ ቋጠሮውን እያጠበቀች። ከዚያ በመዳፏ ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። «ቀጥ በይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ሰው እያየሽ ነው።»